ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት፦ በሁለት ሩቅ ኤርፖርቶች መካከል

የሁለት ኤርፖርቶችን ስም ኢንተርኔት ላይ ብትጽፉ ወዲያው ሁለት ቁጥር ይመጣላችኋል፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። ከኒውዮርክ ጄኤፍኬ እስከ ሲንጋፖር ቻንጊ 15,349 ኪሎ ሜትር፣ 18 ሰዓት ከምናምን። የመጀመሪያውን ቁጥር እመኑት። ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ኪሎ ሜትሩን ለአንድ ቋሚ ፍጥነት አካፍሎ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ የወጣ ነው። ነፋስ አያውቅም፣ አቅጣጫ አያውቅም፣ የተዘጋ የአየር ክልል አያውቅም። ለመሄጃም ለመመለሻም ያው ሰዓት ከሰጣችሁ፣ ያን ቁጥር ያወጣው ማካፈል ብቻ ነው።

ከርቀቱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። በሉል ላይ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ የታላቅ ክብ ቅስት ነው። ታላቅ ክብ የሚባለው የመሬትን እምብርት መካከለኛ አድርጎ ሉሉን ለሁለት እኩል የሚከፍለው ክብ ነው። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይኸው መስመር ወደ ዋልታ የተለጠጠ ቀስት ይመስላልና ብዙ ተሳፋሪ "ይሄ አውሮፕላን ለምን ይዞራል?" ይላል። ያጎበጠው ካርታው ነው። ሁለቱም በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የሚገኙ፣ በኬንትሮስ ግን በ90 ዲግሪ የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን ውሰዱ። ከኬክሮሱ ንቅንቅ ሳይል ወደ ምሥራቅ የሚበር 5,004 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በታላቁ ክብ የሚሄደው 4,605 ይበቃዋል። ልዩነቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር፣ በጄት ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ራሱ ማስላት ለሚወድ ስሌቱ አንድ መስመር ነው። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ። የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን አባዝታችሁ ውጤቱን ደግሞ በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን አባዙት። የሁለቱን ውጤቶች ድምር አርክ ኮሳይን ስትወስዱ ርቀቱ በዲግሪ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። ጄኤፍኬ 40.64 ሰሜን፣ 73.78 ምዕራብ ነው፤ ቻንጊ 1.36 ሰሜን፣ 103.99 ምሥራቅ። ውጤቱ 138 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በኪሎ ሜትር 15,340 ገደማ። ከላይ ካለው 15,349 ጋር በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይለያያል፤ ምክንያቱም መሬት ፍጹም ሉል አይደለችም። ራዲየሷ በምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር ሲሆን በዋልታዎቹ 6,357 ነው። በአማካዩ በ6,371 መሥራት ቢበዛ በግማሽ በመቶ ያሳስታል፤ ለጉዞ እቅድ ይህ ከቁብ የሚገባ አይደለም።

የዚህን መስመር ውበት ግን ያለ ካልኩሌተርም ማየት ይቻላል። የኒውዮርክና የሲንጋፖር ኬንትሮሶች ልዩነት 178 ዲግሪ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ማለትም አንዱ ከሌላው በመሬት ማዶ ነው። እንዲህ ሲሆን አጭሩ መንገድ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ ከኒውዮርክ እስከ ዋልታው ያለውን 49.36 ዲግሪ፣ ከዋልታው እስከ ሲንጋፖር ካለው 88.64 ዲግሪ ጋር ደምሩ፦ 138 ዲግሪ። በቃ።

ስሌቱ ላይ የሚበላሹት ነገሮች ሁሌም እነዚያው ናቸው። የመጀመሪያው የምዕራብ ኬንትሮስ ፊት መቀመጥ ያለበት የመቀነስ ምልክት ነው፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ብትረሱት ሲንጋፖር ከኒውዮርክ 5,300 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። ሁለተኛው ደቂቃን እንደ አሥርዮሽ ማንበብ ነው፤ 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ 40.63 እንጂ 40.38 አይደለም፤ ስህተቱ 28 ኪሎ ሜትር ያመጣል። ሦስተኛው ኤክሴል ነው፦ የሚቀበለው ራዲያን የሚባለውን ሌላ የማዕዘን መለኪያ ስለሆነ ዲግሪውን ሳትቀይሩ ካስገባችሁት ትርጉም የሌለው ቁጥር ይተፋል። በተረፈ ማይልና ማይል አንድ አይደሉም። 15,349 ኪሎ ሜትር በየብስ ማይል 9,537 ሲሆን፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ደግሞ 8,288 ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ኖት የሚባለውም ፍጥነት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል ማለት ነው።

ከተማ ሳይሆን ኤርፖርት መጻፍም አትርሱ። ሲድኒ የሚባል ኤርፖርት አውስትራሊያ ውስጥ አለ፣ ካናዳ ውስጥም አለ፤ ሳን ሆሴ ካሊፎርኒያም ኮስታ ሪካም አለ፤ ሳንቲያጎ ቺሊም፣ ስፔንም፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክም አለ። የሚለያቸው ቲኬት ላይ ያለው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ነው። ይሄን እንደ ቀልድ የሚያየው ሰው ይኖራል፤ የአውስትራሊያውን ሲድኒ ፈልገው ካናዳ የወረዱ ተሳፋሪዎች ግን በእርግጥ ነበሩ።

እስካሁን ያለው ጂኦሜትሪ ነው። አውሮፕላኑ የሚበረው መስመር ግን ከዚህ ሁልጊዜ ይረዝማል። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው አየር መንገድ ኳንታስ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጫነ ቦይንግ 787-9 ከለንደን ሲድኒ ያለ ማረፊያ ለሙከራ አበረረ። የታላቁ ክብ ርቀት 17,016 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተበረረው 17,800 ገደማ፣ የፈጀውም 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነበር። ከአጭሩ መስመር 5 በመቶ ሊሞላ የተቃረበ ትርፍ ማለት ነው። እኔ ምንም የተለየ መረጃ ከሌለኝ ለግምት 3 በመቶ እጨምራለሁ፤ ችግር ያለበት ክልል ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ትርፉ ከየት ይመጣል? በሰሜን አትላንቲክ ላይ መስመሮቹ ነፋሱን ተከትለው በቀን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ይወጣሉ፤ ቀን ላይ ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱት። ሥራውን የሚሠሩት ጋንደርና ሻንዊክ የሚባሉት የአየር ትራፊክ ማዕከሎች ናቸው። ሁለት ሞተር ብቻ ያለው አውሮፕላን ደግሞ አንዱ ሞተር ቢቆም በሌላው ብቻ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚደርስበት ኤርፖርት ሊኖረው ይገባል። ድሮ ይህ ገደብ 60 ደቂቃ ነበር፤ ኤርባስ ኤ350 በ2014 እ.ኤ.አ. እስከ 370 ደቂቃ ተፈቅዶለታል። ገደቡ ሲላላ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ያሉ ውቅያኖሶች ላይ መስመሮቹ ቀጥ እያሉ መጡ።

የቲቤት አምባ ሌላው ነው። እዚያ አየር መንገዶች የሚርቁት በታችኛው መሬት ከፍታ የተነሳ ነው። የካቢኑ አየር ግፊት ቢጠፋ አውሮፕላኑ በፍጥነት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት፤ ለተሳፋሪው ከላይ የሚወርደው ጭንብል ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ኦክስጅን ይሰጣል። አምባው ግን በአማካይ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ወደታች መውረጃ የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን ይሄዳሉ።

ትልቁ ምክንያት ግን ፈቃድ ነው። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ አልተለወጠም፣ አይለወጥምም። የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በሩሲያ ላይ አቋርጦ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርስ ነበር። የአየር ክልሉ ከተዘጋበት ወዲህ ወይ በሰሜን ዋልታ ወይ በደቡብ በኩል እየዞረ 13 ሰዓት ያህል ይበራል። ሁለቱን ኤርፖርቶች አስገብታችሁ "9 ሰዓት ተኩል" የሚል ካገኛችሁ፣ ያን ገጽ ዝጉት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ረጅም መንገድ የሚሄዱት ጄቶች በድምፅ ፍጥነት 0.85 ገደማ ይበራሉ። በሚበሩበት ከፍታ አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ይህ ፍጥነት ብዙም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው አየሩ ራሱ ነው። ወራጅ ወንዝ ላይ እንዳለ ጀልባ፣ አውሮፕላኑም በውስጡ ያለበት አየር ወደሄደበት ይሄዳል። በመካከለኛ ኬክሮሶች ጄት ስትሪም የሚባለው የከፍታ ላይ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው፤ በብርዱ ወቅት ከ300 የሚያልፍበት ጊዜም አለ። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ኪያራ የተባለው ማዕበል በነበረበት ሌሊት የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት 1,320 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር፤ በአየሩ ውስጥ ግን ከድምፅ ፍጥነት በታች ነበር፤ ምንም ድምፅ አልሰበረም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት አለ፦ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ሰዓታቸው የሚለያየው መሬት ስለምትሽከረከር ነው የሚለው። አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ሲነሳ ያንኑ ዙረት ይዞ ነው የሚነሳው። ልዩነቱ የነፋስ ነው። ከለንደን ጆሃንስበርግ 9,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መስመሩ ሰሜን–ደቡብ ስለሆነ ለመሄድም ለመመለስም ወደ 11 ሰዓት ይወስዳል። ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ 8,800 ነው፤ ርቀቱ ያንሳል፣ ግን ወደ ምሥራቅ 10 ሰዓት፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ነው።

"ሲሄድ የሰጠውን ሲመለስ ይወስዳል፤ ድምሩ ያው ነው" የሚል ደግሞ አለ። አይደለም። 5,540 ኪሎ ሜትር በ900 ፍጥነት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ደርሶ መልስ 12 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነው። የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ጨምሩበት፦ ከኋላ ሲገፋ 5 ሰዓት ከ32፣ ከፊት ሲመጣ 6 ሰዓት ከ56፣ ድምሩ 12 ሰዓት ከ28። በመጥፎው አቅጣጫ የምትቆዩት ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ ነፋስ በድምሩ ሁልጊዜ ያስከፍላል። ያ የጠፋው ጊዜ ሊመለስ የሚችለው መስመሩን በመቀየር ብቻ ነው። ለዚህም ነው የሲንጋፖሩ በረራ ያንን ውብ የዋልታ መስመር ብዙ ጊዜ የማይከተለው፤ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ በፓስፊክ በኩል፣ ሲመለስ በአትላንቲክና በአውሮፓ በኩል እየወጣ በሁለቱም አቅጣጫ ነፋሱን ከኋላው ያደርጋል። ረዥሙ መንገድ አጭሩን የሚቀድምበት ቀን ብዙ ነው።

ለፈጣን ግምት የምጠቀምበት ደንብ ይሄ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ለንደን–ጆሃንስበርግ 11 ሰዓት ከ10 ይሰጣል፤ ልክ ነው። ፐርዝ–ለንደን 14,499 ኪሎ ሜትር 17 ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ እሱም ልክ ነው። መስመሩ ምሥራቅ–ምዕራብ ከሆነና በመካከለኛ ኬክሮስ ካለፈ ወደ ምዕራብ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ወደ ምሥራቅ ያንኑ ያህል ቀንሱ። በሐሩር ክልል ውስጥ ይህን ማስተካከያ አታድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍላይትሬዳር24 ወይም ፍላይትአዌር በሚባሉት የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ገብቶ የበረራ ቁጥሩን መጻፍና ያለፉትን ቀናት ትክክለኛ ሰዓት ማየት ነው። አንዱን ቀን ሳይሆን የሁለት ሳምንቱን፤ የመሃለኛውንም ውሰዱ፣ ምክንያቱም አንድ የዘገየ በረራ አማካዩን ያዛባዋል።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ የበረራ ሰዓት አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስከሚቆምበት ያለው ነው፤ የሙያው ሰዎች ብሎክ ታይም ይሉታል። በትልልቅ ኤርፖርቶች ወደ መንደርደሪያው ለመድረስና ተራ ለመጠበቅ ብቻ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሄዳል። አየር መንገዶች በላዩ መጠባበቂያ ይጨምራሉ፤ ከተያዘው ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ የገባ በረራ "በሰዓቱ ደረሰ" ተብሎ ስለሚቆጠር፣ መርሐ ግብሩን ማስረዘም ስታቲስቲክሱን ያሳምረዋል። ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ተነስቶ በሰዓቱ የሚገባው በረራ ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ አብራሪው ጋዝ ስለረገጠ አይደለም። ፍጥነት መጨመር ነዳጅ ይበላል፣ የሚያተርፈውም በረጅም በረራ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለ ነዳጅ ከተነሳ፣ ርቀት ብቻውን ያለ ማረፊያ መብረር መቻልን አይወስንም። ቱርኪሽ ኤርላይንስ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ በቀጥታ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ካንኩን ላይ አርፎ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,230 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ያን ያህል አያነሱም፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት አይቻልም። ካንኩን ባሕር ዳር ስለሆነች እዚያ ሙሉ አድርጎ ይነሳል። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ሆኖ አንዱ ቀጥታ፣ ሌላው አርፎ መሄዱ ከዚህ ነው። ነዳጅ ራሱን ለመሸከምም ይቃጠላል፦ ከተጨማሪው ነዳጅ በየሰዓቱ 3 በመቶ ገደማ ለዚያ ብቻ ይሄዳል፤ በ15 ሰዓት በረራ ከጨመራችሁት ቶን ሲሶው መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። የሲንጋፖር ኤርላይንስ ኤ350-900 ዩኤልአር (እጅግ ረጅም ርቀት እንዲበር የተሠራው) እስከ 165,000 ሊትር ይዞ 161 መቀመጫ ብቻ ያለው ለዚህ ነው፤ ተራ ኢኮኖሚ መደብ የለውም።

ሰዓቱን ከቲኬት ላይ ለማውጣት መነሻውንም መድረሻውንም ወደ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) ቀይሩ። ከቶኪዮ ሰኞ 17:00 ተነስቶ ሎስ አንጀለስ ሰኞ 10:00 የሚገባ በረራ ሳይነሳ የደረሰ ይመስላል። ቶኪዮ ከዩቲሲ 9 ሰዓት ትቀድማለች፤ መነሻው 08:00። ሎስ አንጀለስ በብርዱ ወቅት (በታኅሣሥና በጥር አካባቢ) 8 ሰዓት ትዘገያለች፤ መድረሻው 18:00። 10 ሰዓት። በተቃራኒው ሰኞ እኩለ ቀን ከሎስ አንጀለስ የተነሳ ቶኪዮ የሚገባው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው፤ ሆቴል ሲያዝ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቲኬት ላይ 00:30 የሚለው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑም አዲሱ ቀን ነው፦ "ማክሰኞ 00:30" ካለ ኤርፖርት መሄድ ያለባችሁ ሰኞ ማታ ነው። የሰዓት ልዩነትን በቃል መያዝም አያዋጣም። ለንደንና ሲድኒ እንደ ወቅቱ በ9፣ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ይለያያሉ፤ አንዱ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይመልሳልና። ህንድ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ሙሉ ሰዓት ብቻ የሚያውቅ ስሌት እዚያ ይሰናከላል።

ትራንዚት ሲገባበት ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው መንገዱ ይረዝማል ብሎ ነው። በርቀት ግን ብዙም አይረዝምም። ለንደን–ሲድኒ በሲንጋፖር በኩል 17,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቀጥታው በአንድ በመቶ ብቻ ይበልጣል። በዱባይ በኩል 3 በመቶ ያህል። የሚጨምረው ሰዓቱ ነው፦ መውረዱ፣ ወደ በሩ መነዳቱ፣ ጥበቃው፣ እንደገና መነሳቱ። ኤርፖርቶች ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ የሚሉት አላቸው፤ በአንድ ቲኬት ከሆናችሁ አየር መንገዱ ያንን ጠብቆ ነው የሚሸጠው፣ ካመለጣችሁም ቀጣዩ ላይ ያሳፍራችኋል። በተለያየ ቲኬት ከገዛችሁ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም፤ ሻንጣ ማውጣት፣ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ዳግም ቼክ ኢን ማድረግ አለ፤ ቪዛም ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚያ ዓይነቱ ከ4 ሰዓት ያነሰ አልይዝም። የምትወርዱበትና የምትነሱበት ኤርፖርት የተለያዩ እንዳይሆኑም ኮዱን እዩ፦ ናሪታና ሃኔዳ ሁለቱም "ቶኪዮ" ተብለው ይሸጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግን በቀጥታ መስመር እንኳ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱም ሰዓት ይበላል።